በር ያላንኳኳ ዕቅድ፦ «መንግሥት እጁን ከቤት ጉዳይ ያንሳ» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ስለ አዲስ አበባ የቤት ችግር የተጻፈ ጽሑፍ ላከልኝ። «አንብበውና ሐሳብህን ንገረኝ» አለኝ። ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው በቁጭት ነው የጻፉት፤ ቁጭታቸውም ገብቶኛል። ከዚያ ቁጭት ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ግን ብዙ ሰው የሚጎዳ መስሎ ታየኝ። ዝም ማለት አልቻልኩም።

ላላነበበው ሰው ፍሬ ነገሩን ልንገር። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ከሽፏል ይላሉ። የከሸፈውም መንግሥት የሕዝብን ፍላጎት ዐውቆ ማቀድ ስለማይችል ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን አከራይቶ ሄዷል። ዕጣው ራሱ ተጭበርብሯል። የኪራይ ቁጥጥሩ ነገሩን አባብሶታል። ያደጉት አገሮች ቤትን ለገበያ ትተዋል፤ እኛም እንተው። የሚሉት ይህንን ነው።

ነጥብ በነጥብ ልመልስ። በእሳቸው ቅደም ተከተል ግን አልሄድም። ለእኔ ከሚቀርበው እጀምራለሁ።

«ዕጣ የደረሰው ሰው እንኳ አልፈለገውም»

ጸሐፊው ባለዕድለኛው ቁልፉን እንደተቀበለ ለደላላ ይሰጠዋል፣ ስለዚህ ሕዝቡ ራሱ ፕሮግራሙን ውድቅ አድርጎታል ይላሉ። ይህ ነገር እኛ ቤት ስለደረሰ የማውቀውን ልናገር።

ያደግኩት ልደታ አካባቢ፣ ቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጥ ነበር። ምጣዷ ያለው ግቢው ጥግ ላይ፣ ከሦስት ጎረቤት ጋር በምንጋራት ማድቤት ውስጥ ነው። ደንበኞቿ ጎረቤቶቿ ናቸው። ጤፍ በዱቤ የሚሰጣት ባለወፍጮ ሁለት ቤት አልፎ ነበር። ዕድሯም እቁቧም በእግር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ከተማው ዳር ባለ ሳይት ባለ አንድ መኝታ ደረሰን። አራተኛ ፎቅ።

እናቴ ቁልፉን የተቀበለች ቀን አለቀሰች። የደስታ ለቅሶ ነበር። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ መጸዳጃ ቤት ኖራት። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያ ሥር ባልዲ መደቀን ቀረ። ይህን ጸሐፊው እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ቤቱን አልናቀችውም።

ግን ምጣዱን የት ትጣደው? በብሎኮቹ መካከል «ኮሚናል» የምንለው የጋራ መገልገያ ተሠርቶ ነበር። ለማብሰል፣ በግ ለማረድ፣ ለድግስ ተብሎ የታሰበ ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። አንድ ሰው ቢያንስ እንዴት እንደምንኖር አስቦልናል። ግን በየቀኑ ሊጥ ተሸክሞ አራት ፎቅ መውረድ፣ እንጀራ ተሸክሞ አራት ፎቅ መውጣት ለሃምሳ ዓመት ሴት የሚሆን ሥራ አይደለም። አሳንሰር የለም። ውሃ ቀን ቀን እኛ ፎቅ ድረስ አይወጣም፤ በጀሪካን እናወጣ ነበር። የድሮ ደንበኞቿ በአራቱም የከተማው ዳርቻ ተበትነዋል። አዲሱ ጎረቤት እሷንም እንጀራዋንም አያውቅም። በሦስት ወር ውስጥ ገቢዋ ከግማሽ በታች ወረደ። የባንኩ ወርሃዊ ክፍያ ግን ቀን ቆጥሮ ይመጣል።

ዓመት ከመንፈቅ ታገልን። ከዚያ አከራየነው። እኛ ወደ ድሮው ሰፈር ጠጋ ብለን አንዲት የጭቃ ቤት ተከራየን። ከምንቀበለው ኪራይ ላይ የምንከፍለው ሲቀነስ የምትተርፈው ገንዘብ ለባንኩ ትሄዳለች። እናቴም ምጣዷ ጋር ተመለሰች።

ጸሐፊው ቢያዩን ኖሮ «አከራይተው ከሄዱት» ውስጥ ይቆጥሩን ነበር። አዎ፣ አከራይተን ሄድን። ያስወጣን ሥራችንን ማጣታችን ነው። ማንም እናቴን «በምን ይተዳደራሉ?» ብሎ አልጠየቃትም። ያን አንድ ጥያቄ ቢጠይቋት መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ምናልባት ግራውንድ ላይ ያለ ቤት ይሰጧት ነበር። ምናልባት ኮሚናሉን ለጋጋሪ ሴቶች በሚመች መንገድ ይሠሩት ነበር። ወጪው ያን ያህል አይሆንም።

ፕሮግራሙ ሲጀመር ምን ታስቦ እንደነበር ማስታወስም ተገቢ ነው። ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር በገርጂ በሙከራ ተሠራ። በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን ወደ ሰፊ ፕሮግራም አደገ። በአምስት ዓመት 400,000 ቤት መገንባትና ለ200,000 ሰው ሥራ መፍጠር ታቀደ። ብሎኬት የሚያመርቱ፣ በርና መስኮት የሚበይዱ ወጣቶች በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጁ። እስከ 2002 ዓ.ም. ገደማ በመላ አገሪቱ የተሠራው ወደ 171,000 ቤት ነው። ከዕቅዱ ግማሽ እንኳ አልደረሰም፤ ከዚያ በፊት በመንግሥትም በግልም ከተሠራው ጋር ሲተያይ ግን ትልቅ ሥራ ነው። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። በየሪፖርቱ የሚቆጠረው ብሎክና ቤት ነበር። ቤቱ ውስጥ ገብቶ የቆየ ሰው አልተቆጠረም። ያ ቢቆጠር ኖሮ እንደ እናቴ ያሉት ሰዎች ጉዳይ በሁለተኛው ዓመት ጠረጴዛ ላይ ይቀርብ ነበር።

«ዕጣው ተጭበርብሯል»

ተጭበርብሯል። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነኝ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ለ25,491 ቤቶች ዕጣ ወጣ። ብቁ የተባሉት ቆጣቢዎች ወደ 79,000 ነበሩ። ዕጣው በወጣበት የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ የተገኘው ግን ከ170,000 በላይ ስም ነው። ዕጣው ተሰረዘ። እንደ አዲስ የወጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ስሙን በዝርዝሩ አይቶ ለዘመድ አዝማድ የደወለ ሰው በሳምንቱ «ተሰርዟል» ሲባል ምን እንደተሰማው አውቃለሁ። ጎረቤታችን ነበረች።

ግን ጸሐፊው አንድ ነገር አልፈውታል። ማጭበርበሩ እንዴት ታወቀ? ባንኩ የላከው የቆጣቢዎች ዝርዝር ስለነበረ ነው። ማን ስንት ወር እንደቆጠበ ተጽፎ ተቀምጧል። ከዚያ ጋር ሲመሳከር ልዩነቱ ወጣ። ሕግና መዝገብ ባለበት ቦታ ሌባን መያዝ ይቻላል። አንድ አልሚ ለአንዱ በርካሽ፣ ለሌላው በውድ ቢሸጥ በየትኛው ዝርዝር ታመሳክረዋለህ? መዝገቡ ተጠናክሮ ለሕዝብ ክፍት ይሁን ቢሉ አብሬያቸው እፈርም ነበር። እሳቸው ግን መዝገቡ ጭራሽ ይቅር ነው ያሉት።

«የኪራይ ቁጥጥሩ ገበያውን ገደለው»

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ የሚለው ግልጽ ነው። ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን። ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው ባወጣው ልክ ይሁን። የአተገባበሩ ድክመት ብዙ ነው፤ ከውል ውጭ በእጅ የሚከፈል ገንዘብ እንዳለ ሁላችንም እንሰማለን። ግን የቤት ችግር ከአዋጁ በፊት ሃያ ሠላሳ ዓመት የቆየ ነው። በ2016 የወጣ ሕግ በ1997 የተጀመረውን ወረፋ ሊያመጣው አይችልም።

«ገበያው ይሥራው»

የጽሑፋቸው ልብ ይህ ነው። በጥሞና ልየው።

መጀመሪያ መሬቱን እናንሣ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በከተማ የሚተላለፈው በሊዝ ነው፤ የ2004ቱ አዋጅ 721 ደንግጎታል። ስለዚህ መንግሥት «እጁን ቢያነሳ» እንኳ መሬቱን የያዘው እሱ ነው። ለማን፣ የት፣ በስንት እንደሚሰጥ የሚወስነው እሱ ነው። ይህ ራሱ የቤት ፖሊሲ ነው። ለሀብታም ብቻ የሚሆን መሬት ማቅረብም ፖሊሲ ነው።

ቀጥሎ ኪስ አለ። በ2017 መጀመሪያ በተደረገው ማሻሻያ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,500 ወደ 4,760 ብር ከፍ ተደረገ። ከዚያ ወዲህም ጭማሪ ተደርጓል። እስቲ በ4,760 እናስላው። በዓመት 57,120 ብር ይሆናል። አምስት ሚሊዮን ብር የሚሸጥ ቤት ተገኘ እንበል። ሰውየው ሳይበላ፣ ሳይለብስ፣ ሙሉ ደመወዙን ቢያስቀምጥ 87 ዓመት ይፈጅበታል። የረጅም ጊዜ የቤት ብድር ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በሩ ጠባብ ነው። ሪል ስቴቱ ለእሱ አይሠራም። በዚህ አልሚውን አልወቅሰውም፤ ነጋዴ ነው፤ መክፈል ለሚችል ሰው ይሠራል። ግን ለጥበቃው፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለጀማሪ መምህሩ ማን ይሥራ? ጸሐፊው ይህን ጥያቄ አላነሡም።

ጸሐፊው መንግሥት የያዘው ቤት እንደሚበላሽ ለማሳየት የቀበሌ ቤትን እንደ ማስረጃ ማቅረባቸው ትክክል ነው፤ ልክደው አልችልም፤ ያደግኩበት ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራይ ተቀነሰ። ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር። ከዚያ ያ ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ ቀረ። በወር በጥቂት ብር የሚከራይ ቤት ጣሪያው ሲያፈስ በምን ይጠገን? ቤቶቹ እዚያው ባሉበት አረጁ። ይህ ጥፋት ነው፤ የመንግሥት ጥፋት ነው። ከእሱ የምማረው ግን ኪራይ ሲወሰን የጥገናው ገንዘብ አብሮ መታሰብ እንዳለበት ነው። ያ ቤት ባይኖር እናቴ በ1970ዎቹ የት እንደምታድር አላውቅም።

«ያደጉት አገሮች ለገበያ ትተውታል» የሚለው ግን ፈጽሞ ስሕተት ነው። ሲንጋፖር የቤቶች ልማት ቦርዷን ያቋቋመችው በ1952 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከአሥር ነዋሪ ስምንቱ ገደማ የሚኖሩት ያ ቦርድ በሠራው ቤት ነው። ገበያን አትወድም የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። የኦስትሪያዋ ቪየና ደግሞ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለሠራተኛው መሥራት ጀመረች። ዛሬም ከተማዋ ራሷ የምታከራያቸው ከ200,000 በላይ ቤቶች አሏት። የቪየናን ነገር በተለይ የማነሣው ያልሞከርነው መንገድ ስለሆነ ነው። እኛ «የመንግሥት ቤት» ስንል ወይ የቀበሌ ቤት ነው ወይ በዕጣ የሚሸጥ ኮንዶሚኒየም። ቅድመ ክፍያ የሌለው፣ ለጥገና የሚበቃ ኪራይ የሚከፈልበት፣ ከሥራ ቦታ ያልራቀ የከተማ ኪራይ ቤት በስፋት አልሠራንም። ለእናቴ የሚሆናት ያ ነበር። ባለቤት ለመሆን ብላ ሥራዋን ባላጣች ነበር።

«የሕዝብን ፍላጎት ገበያው እንጂ መንግሥት አያውቀውም»

ጸሐፊው የመንግሥት ዕቅድ ሁልጊዜ ወረቀት ላይ ይቀራል ይላሉ። አንድ ምሳሌ ላንሣ፤ ከቤት ወጣ ያለ ነው፤ ግን ነጥቡ እዚህ ጋ ነው የሚታየው።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ከየአካባቢያቸው ተመለመሉ። ለአንድ ዓመት ሠለጠኑ። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ተመደቡ፤ ደመወዝም ተቆረጠላቸው። ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆነ። ሥራቸው ቤት ለቤት መሄድ ነው። መጸዳጃ ጉድጓድ አለ ወይ? ሕፃኑ ተከተበ? አጎበር ተሰቀለ? ነፍሰ ጡሯ ክትትል ጀመረች? ይህን ሁሉ በር አንኳክተው ይጠይቃሉ። በ1982 ዓ.ም. ገደማ ከ1,000 ሕፃናት ከ200 የሚበልጡት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ቁጥሩ ወደ 70 ወረደ። ኢትዮጵያ የምዕተ ዓመቱን የልማት ግብ በዚህ ዘርፍ ከቀነ ገደቡ ሦስት ዓመት ቀድማ አሳካች። ብቻቸውን አመጡት አልልም፤ ክትባቱም አጎበሩም የእርዳታ ገንዘቡም አለበት። ግን ያንን ክትባትና አጎበር ጎጆው ድረስ ያደረሱት እነሱ ናቸው።

ይህ የመንግሥት ዕቅድ ነው። ገበያ ለገጠር እናት ሁለት ባለሙያ አይመድብም፤ ከእሷ የሚያገኘው ትርፍ የለም። ታዲያ ይህኛው ለምን ሠራ? ያቺ ልጅ የዚያው መንደር ልጅ ናት። ቤቶቹን በስም ታውቃቸዋለች። የማን ልጅ እንደታመመ፣ የማን ጉድጓድ እንደተደረመሰ ታውቃለች። የኮንዶሚኒየሙ ዕቅድ ግን እንዲህ ዓይነት ሰው አልነበረውም። መሐንዲስ ነበረው፤ ተቋራጭ ነበረው፤ ባንክ ነበረው። በር የምታንኳኳ ልጅ አልነበረችውም።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ሊያነሡት የሚገባ ጠንካራ ነጥብ ነበራቸው፤ አላነሡትም፤ እኔ ላንሣላቸው። መጨረሻ የተቆጠርነው በ1999 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። በ2010 መካሄድ የነበረበት ተራዘመ፤ በ2011 ዳግም ተራዘመ። በ1999ኙ ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ነበር። ዛሬ ከተማውን የሚያይ ሰው ያ ቁጥር እንደማይሠራ ያውቃል። ስንት ቤት፣ ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት አውቶቡስ እንደሚያስፈልግ የምናሰላው በግምት ላይ ግምት ጨምረን ነው። መንግሥትን በዚህ ቢወቅሱት ሙሉ በሙሉ አብሬያቸው እቆም ነበር።

ጸሐፊው ያላነሡት

ስለ ከተማው ነዋሪ ብዙ ጽፈዋል። ሳይቶቹ ስለተሠሩበት መሬት ግን አንድ መስመር የለም። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ለ51,229 ቤቶች ዕጣ ሲወጣ በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ። ከቤቶቹ ብዙዎቹ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ወሰን ላይ ባለው ኮዬ ፈጬ ናቸው። ተቃውሞው የፖለቲካ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይነገራል። ሥሩ ግን እርሻ ነው። በ1997ቱ የካሣ አዋጅ፣ ቁጥር 455፣ ገበሬው ለዘለቄታው ለሚነጠቀው መሬት የሚከፈለው የዓመታዊ ገቢውን አሥር እጥፍ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አደረገው። ገንዘቡ ከፍ አለ። ግን ገበሬ መሬቱን በብር ለውጦ በምን ይተዳደራል? ለእናቴ ያልቀረበው ጥያቄ ለእሱም አልቀረበም። እሷ ምጣዷን አጣች፤ እሱ ሞፈሩን። ከዚያ ሁለቱን በአንድ ሳይት ላይ እንደ ባላንጣ አገናኘናቸው። ይህ በጣም ያመኛል።

መሬቱ ለገበያ ቢተውስ ገበሬው ይሻለው ነበር? አይመስለኝም። አልሚውም የሚሠራው በዚያው መሬት ላይ ነው።

ስለ ቆጣቢዎቹ

ጽሑፋቸው የሚያበቃው መንግሥት ፕሮግራሙን ዘግቶ ለቆጣቢው ገንዘቡን ይመልስ በሚል ነው። ይህን ሳነብ ቅድም ያነሣኋት ጎረቤታችን ትዝ አለችኝ። በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 (ሃያ በመቶው ተቆጥቦ ቀሪው በባንክ ብድር ለሚከፈልበት) ባለ ሁለት መኝታ ተመዘገበች። ያኔ ልጇ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። በአምስት ዓመት ያልቃል የተባለውን ቁጠባ ስትቆጥብ ኖረች። ሆቴል ቤት ዕቃ ታጥባለች። ለፋሲካ ዶሮ ሳትገዛ የባንኩን ያስገባችበትን ዓመት አውቃለሁ። በ2005 ያስገባችው ብር ያኔ ብዙ ከረጢት ሲሚንቶ ይገዛ ነበር። ዛሬ ያው ብር ስንት ይገዛል? «ገንዘቧ ይመለስላት» ማለት ይህን ሁሉ ኪሳራ እሷ ትሸከመው ማለት ነው። በማኅበር ተደራጁ የሚለውም አማራጭ መጥቷል፤ ለዚያ የሚጠየቀውን ብር ስትሰማ አንገቷን ደፋች።

ባለፈው እሑድ ለዕድር ስንገናኝ የጽሑፉን ሐሳብ በአጭሩ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ከቦርሳዋ የባንክ ደብተሩን አውጥታ የመጨረሻውን ገጽ አሳየችኝ። የያዝነውን ወር አስገብታለች።